ነስሩ ያላመነው መኪና

ትናንት ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሃራ ጨው ይዘው ቤታችን መጡ።

ይሄ ምኑ ይጻፋል ትሉኝ ይሆናል። ሚዛን ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት ጨው ቢሰጥ ምን ብርቅ አለው? ግን እኮ የእትዬ ዘሃራ ሱቅ ከደጃችን ፊት ለፊት ሆኖ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ለእኛ ቤት አንዲት ቁንጥር ጨው ሸጠው አያውቁም። እናቴ ለጨውና ለላምባ አማን ድረስ በእግሯ ትሄድ ነበር። በሱቃቸው በኩል ስናልፍ እሳቸው ድንገት መደርደሪያ ማስተካከል ያምራቸዋል። ሰላምታ የለም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም።

ትናንት ግን በራችን ላይ ቆመው «የተካልኝ እናት!» ብለው ተጣሩ። እናቴ ድምፃቸውን ስትሰማ የምታጥበውን ልብስ ከነአረፋው ይዛ ወጣች። እትዬ ዘሃራ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

«ነስሩ መጣ» አሉ። «ልጄ በሕይወቱ መጣ! ጠዋት ከጅማው መኪና ወረደ። ያን ቀን ልጆችሽ ያደረጉትን ሁሉ ነገረኝ። አፈር ልብላ፣ ይቅር በይኝ!»

እናቴ ልታቅፋቸው ስትሮጥ ጨዉ ወድቆ ተበተነ። ሁለቱ ሴቶች የተበተነው ጨው ላይ ቆመው ተላቀሱ። እኔ ደግሞ እልልታዬን አቀለጥኩት። ዶሮዎቹ ደንግጠው አጥር ዘለሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እውነቴን ነው።

ብርቄ እባላለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ። የአማርኛ መምህራችን ለግድግዳ ጋዜጣችን ገጠመኝ እንድንጽፍ ካዘዙን ሰንብቷል። እኔ የዘገየሁት የምጽፈው አጥቼ አይደለም። ይህችኑ ታሪክ ጀምሬ እቀድዳለሁ፣ ደግሞ ጀምሬ እቀድዳለሁ፤ መጨረሻዋ ላይ ስደርስ እጄ ይዝል ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን እስክሪብቶዬ ቀድሞኝ እየሮጠ ነው። እስቲ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። እኔ ያኔ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ ቀጫጫ ልጅ ነበርኩ። ጉልበቴን የሚልጠው የታላቅ ወንድሜ የተካልኝ ብስክሌት ነው። ኮርቻው ላይ መድረስ ስለማልችል አንድ እግሬን በብረቱ መሀል አሾልኬ፣ እንደ ሸርጣን ጎብጬ ነበር የምነዳው። ተካልኝ እየሳቀ ያስተምረኛል፣ ነስሩ እየሳቀ ከጭቃ ያነሳኛል። ነስሩ የእትዬ ዘሃራ አንድ ልጅ ነው። እነሱ ከጅማ የመጡ ሙስሊሞች፣ እኛ ደግሞ የአገሩ ሰዎች፣ ጴንጤዎች ነን። ሁለቱ ልጆች ግን ይሄ ቤት የእኔ፣ ያኛው የአንተ ሳይባባሉ ነው ያደጉት።

ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነበር። ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ይጣልባቸዋል፤ ኮታው ሲጎድል ወጣት ከገበያም ከመንገድም ይታፈሳል። ጢሙ ያቆጠቆጠ ልጅ ሁሉ ቡና ጫካ ውስጥ ነበር የሚውለው። ታዲያ በዚያ ዓመት አንዱ ቀበሌ የብስክሌት ውድድር አዘጋጀሁ አለ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ «የሚወዳደር ልጅ አይነካም፤ ስፖርተኛ የአብዮቱ ጌጥ ነው» ብሎ ቃል ገባ።

ብስክሌት ያለው ሁሉ ከጫካ ወጣ። ሰባት ሆኑ። ቃሉም ለጊዜው እውነት መሰለ፤ አፈሳ ሲመጣ እነተካልኝ ብስክሌታቸውን እየገፉ በታጣቂዎቹ መሀል ያልፋሉ፣ የሚጠይቃቸው የለም። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ይህን ስታይ ምን እንደተሰማት እኔ ነኝ የማውቀው። በሳምንቱ የደረቀ ቡና ሸጣ ለተካልኝ አዲስ የጎማ ካላማዳሪ ገዛችለት። «ንዳ ልጄ» አለችው፣ «እግርህ እስካልቆመ ድረስ አይወስዱህም።»

ብስክሌቶቹ የውድድር አልነበሩም፤ የቡና ጆንያ ሲጭኑ የኖሩ ናቸው። ልጆቹ የኋላ መጫኛውንና ፓራፋንጎውን ፈትተው ጣሉ። የእኛ አገር ቀይ ጭቃ በፓራፋንጎና በጎማ መሀል ከተወተፈ፣ ብስክሌቱ መሸከሙን ትቶ ተሸካሚ ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው ጭቃ መፋቂያ እንጨት ወገባቸው ላይ ሰክተው ነበር የሚወዳደሩት።

የመጀመሪያው ውድድር በመኪና መንገድ፣ ከሚዛን አማን ደርሶ መልስ ነበር። ተካልኝና ነስሩ ከሌሎቹ ርቀው ጎን ለጎን እየመጡ ሳለ ተካልኝ ድንገት ዘሎ ወረደና ፔዳሉ ላይ ጎነበሰ።

«ካቴናዬ ተበጠሰ!»

ነስሩ የዋህ ነው፣ ሊያግዘው ወረደ። ጎንበስ ብሎ «የቱ ጋ ነው?» ሲል ተካልኝ ብስክሌቱ ላይ ጉብ አለና ሄደ። ካቴናው ድንጋይ የሚጎትት ሰንሰለት ያህል ጤነኛ ነበር። ገበያተኛው በሳቅ ሞተ። ነስሩም ሳቀ፤ ግን ጣቱን ቀስሮ «ቆይ ብቻ» አለው።

ሁለተኛው የተራራ ውድድር ነበር፤ ከከተማው በላይ ካለው ቡና ጫካ በእግር መንገድ ቁልቁል። ተካልኝ እየመራ የእግር መንገዱ የመኪናውን መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ ሲደርስ፣ ከኋላው ነስሩ በሙሉ ድምፁ «መኪና! ተኬ፣ መኪና!» ብሎ ጮኸ። ተካልኝ ራሱን ቦይ ውስጥ ወረወረ። መኪናም የለ፣ የመኪና ድምፅም የለ። ነስሩ እያፏጨ አለፈው። ወንድሜ ከጭቃው ሲወጣ ከዓይኑ በቀር ሰውነቱ አይታይም ነበር።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን «መኪና!» የሚለው ጩኸት ቀልድ ሆኖ ቀረ። ትንንሽ ልጆች ተካልኝን ባዩ ቁጥር «መኪና!» ይሉታል። እሱም እጁን ዘርግቶ ቦይ ውስጥ እንደሚዘል ያስመስላል።

አንድ ለአንድ ሆኑ ማለት ነው። መለያው ከሚዛን ቴፒ ነበር።

እኔ ከዋዜማው በቡና መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቴፒ አክስቴ በለጡ ጋ ሄድኩ። በማግስቱ ውድድሩ የሚያልቅበት ሜዳ በዝንጣፊ ያጌጠ ቅስት ተተክሎ፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎ፣ ከበሮ እየተመታ ደረስን። ለአንደኛው የተዘጋጀው ሽልማት ሁለት አዲስ ጎማ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ እንኳ ሳይላጥ ተቀምጧል። እኔ ሽንት ቤት ፍለጋ በአዳራሹ ጀርባ ዞርኩ።

ጓሮው ውስጥ ሸራ የለበሰ የወታደር መኪና ቆሟል። ሁለት ታጣቂዎች ጎማው ሥር ተቀምጠው ሸንኮራ ይልጣሉ። አላዩኝም።

«ሰባቱም ናቸው?» አለ አንዱ።

«ሰባቱም። መድረሻው ላይ እንዳትነኳቸው ተብሏል። ይሸለሙ፣ ሰዉ ያጨብጭብ፤ ከዚያ ምሳ አለ ብለን ወደዚህ።»

«ብስክሌቶቹስ?»

«ግንባር ላይ ብስክሌት ምን ይሠራል?» አለና ሁለቱም ሳቁ።

እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ። ለአክስቴ በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ እጇ ግን ማጨብጨቡን አላቆመም።

«የባሌ ብስክሌት ጓሮ አለች» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ውሃ ያዢ። ማንም ቢጠይቅሽ ውሃ ነው። ሂጂ!»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ሁለታችንም ከጠፋን ይነቁብናል።»

የአክስቴ ባል ብስክሌት ከባድ ናት። እግሬን በብረቱ መሀል አሾልኬ፣ ጀሪካኗን መሪው ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ቀሚሴን ካቴናው ነክሶ ሲይዘኝ ቀደድኩት። የከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ወዴት ነሽ አንቺ?»

«ወንድሜን ልቀበል። ውሃ ይዤለት ነው።»

«ተወዳዳሪ ነው?»

«አዎ።»

ፈገግ አለ። ደግ ሰው ይመስል ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ እሱ ነው። «እንግዲያው ቶሎ ና በይው» አለኝ። «ሰው እየጠበቀው ነው።»

መንገዱ ከተራራው በቡናው እርሻ መሀል ተጠማዞ የሚወርድበት አንድ ኩርባ አለ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው፤ ከኬላው ይታያል። ስለዚህ ኩርባው ላይ ማስቆም አለብኝ፤ ካለፉኝ አለቀ። ዝናብ ያካፋል። መንገዱ መሀል ቆምኩ።

መጀመሪያ የመጣው ተካልኝ ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ። ሲያየኝ ፍሬኑን ያዘ፣ ተንሸራተተ፣ እግሬ ሥር ቆመ።

«አብደሻል እንዴ? ልጨፈልቅሽ ነበር እኮ!»

«ተኬ፣ እንዳትሄድ። መኪና አለ። የወታደር መኪና። ሊወስዷችሁ ነው።»

ትንፋሹን እየሳበ አየኝና፣ አምላኬ፣ ሳቀ።

«ነስሩ ነው የላከሽ? ስንት ከረሜላ ሰጠሽ?»

«ተኬ፣ እውነቴን ነው!»

«ልቀቂኝ፣ እየደረሰብኝ ነው!» ፔዳሉን ረገጠ።

«በእማዬ ሞት!» አልኩ።

እኛ ቤት መማል ክልክል ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ «አዎ ከሆነ አዎ በሉ፣ ካልሆነ አይደለም በሉ፣ ይበቃል» እያለ ነው ያሳደገን። እኔ በሕይወቴ ምዬ አላውቅም ነበር። የተካልኝ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ግባ» አልኩት ቡናውን እያሳየሁት። «ግባ፣ ሂድ!»

«ነስሩስ?»

ከላይ ፉጨት ተሰማ። ነስሩ ቁልቁለት ሲወርድ ያፏጫል። ተካልኝ ብስክሌቱን መንገዱ ላይ አጋደመውና እጆቹን ዘርግቶ መሀል ላይ ቆመ።

«ነስሩ ቁም! መኪና አለ! ቁም፣ መኪና!»

ነስሩ ከኩርባው ብቅ አለ። የተጋደመውን ብስክሌት አየ፣ እጁን የዘረጋውን ተካልኝን አየ፣ እኔን አየ። በጭቃው መሀል ጥርሱ ብልጭ አለ።

«ደግሞ ካቴናህ ተበጠሰ?»

«መኪና አለ ነው የምልህ! በእግዚአብሔር!»

«የኔኑ ዘዴ ለኔ? አይ ተኬ፣ ሌላ ፈልግ!»

በቦዩ ጠርዝ፣ በዚያች በጠባቧ ቦታ ሾልኮ አለፈ። ልይዘው ዘለልኩ፤ ጣቴ እርጥብ ሸሚዙን ነክቶ አዳለጠው። ዞሮ አየኝ። «ብርቄ፣ አንቺም ከእሱ ጋር?» አለና እየሳቀ ወረደ።

ተካልኝ ብስክሌቱን አነሳ፤ ሊከተለው ነው። እኔ ኮርቻውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። ጎተተኝ፤ ጉልበቴ ጠጠሩ ላይ ተፋቀ።

«ልቀቂኝ! እደርስበታለሁ!»

«ሜዳው ላይ ነው የምትደርስበት! ያዩሃል!»

«ልቀቂኝ አልኩ!»

አልለቀቅኩም። ዛሬም ቢሆን አልለቅም። ይህን ስጽፍ ነስሩ ያነበዋል፣ እትዬ ዘሃራም ይነበብላቸዋል፤ ሆኖም እውነቱ ይሄ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነበር የያዝኩት፤ እሱም ወንድሜ ነበር።

ከኋላ የመጡትን አምስቱን አስቆምናቸው። እነሱ ወዲያው አመኑን። ከእነሱ ጋር ማን ተቀላልዶ ያውቃል? ስድስቱም ብስክሌታቸውን ተሸክመው ቡናው ውስጥ ጠፉ።

እኔ ወደ ቴፒ ተመለስኩ። ኬላው ላይ ያው ሰውዬ «አገኘሽው?» አለኝ። «ገና ነው፣ ውሃው ግን ከበደኝ» አልኩት። እንዴት እንደዋሸሁ እንጃ።

ሜዳው ላይ ስደርስ ነስሩ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ሁለቱን ጎማዎች አንገቱ ላይ እንደ አበባ አጥልቀውለታል። እሱ ግን ሰዉን አያይም፤ መንገዱን ነው የሚያየው። «ተኬ እስኪመጣ ጠብቁ! እሱ ሳያየኝማ ምኑን አሸነፍኩት?» ይላል። ከሰው መሀል እኔን ሲያይ ጎማዎቹን በጣቱ አሳየኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት የአክስቴ መዳፍ አፈነኝ። ጠመንጃ የያዙት በዙሪያችን ነበሩ።

ሌሎቹ ሲቀሩባቸው ታጣቂዎቹ «በል ጀግናው፣ ምሳ አለ» አሉት። ከነጎማዎቹ፣ እየሳቀ፣ በአዳራሹ ጀርባ ዞረ። ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ከበሮው አላቆመም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ታጣቂ ሁለቱን ጎማዎች ይዞ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

እትዬ ዘሃራ በማግስቱ እናቴ ፊት ቆመው ያሉት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «የአንቺ ልጅ እንዴት ቀረ? የእኔ ልጅ ለብቻው እንዴት ሄደ?» እናቴ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ውሸት!» አሉ። «ተኬ ‹አደጋ አለ› ብሎት ነስሩ አይቆምም? ወንድሙ አይደል? አውቆ ነው ልጄን ያስቀደመው!» ስለ ካቴናውና ስለ ቦዩ ልናስረዳ ሞከርን። በሐዘን ላይ ላለች እናት የልጆች ቀልድ እንዴት ይገባታል? ተካልኝ ራሱ እንዳያስረዳ ቱም ከተማ፣ አጎታችን ዘንድ ተደብቆ ነበር። ደርግ ወድቆ ሲመለስ ብስክሌቱን አልነካትም። ቴፒ ሄዶ የነስሩን ብስክሌት ፈለገ፤ የተረፈውን ቸርኬውንና መሪውን ብቻ አግኝቶ አመጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ብረት ዘይት ይቀባ ነበር። ነስሩ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ያፏጭ የነበረውን ፉጨት ሰው ሲያፏጭ ከሰማ ተነስቶ ይወጣል።

እኔንም ለውጦኛል። እናንተ የምታነቡኝ፣ ሜዳ ላይ ሰው ሲያጨበጭብ ምን ትሰማላችሁ? እኔ የሞተር ድምፅ እሰማለሁ። መድረክ ላይ ሰው ቆሞ «አይነካም» ሲል እጄን አላወጣም። ያን ወራት ሙሉ የሮጥነው ለነፃነታችን መስሎን ነበር፤ ለካስ እነሱ ከጫካ አውጥተው፣ አፍታተው፣ ሽልማት አሳይተው በገዛ እግራችን ወደ መኪናው ያስነዱን ነበር።

ትናንት አመሻሽ ላይ ተካልኝን እጁን ይዤ፣ እየጎተትኩ መንገዱን አሻገርኩት። ነስሩ ሱቁ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ቀኝ እግሩ ወደ ፊት እንደ ዱላ ተዘርግቷል። ጉልበቱ አይታጠፍም። ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

ተካልኝ በሩ ላይ ቆመ።

«መኪናው ለካ እውነት ነበር» አለ ነስሩ።

ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነስሩ የማይታጠፍ እግሩን በእጁ አንስቶ ገለል አደረገና ቦታ ሰጠው። «ካቴናውን ባታታልለኝ ኖሮ አምንህ ነበር» አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔም መኪና ብዬ ባልጮህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ግን ሸሚዜን አጥብቀሽ ብትይዥ ምን ነበረበት?» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። የጎደለው ሁሉ ትናንት አልተመለሰም። እትዬ ዘሃራ ከጀርባችን ቆመው፣ እናቴ የለቀመችውን፣ አፈር የነካውን ጨው በሌላ ጨው እየለወጡ ነበር።

ከመውጣታችን በፊት ነስሩ አንድ ነገር አለ፤ እኔም ለእናንተ እንዳደርስ ቃል ገብቻለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሚዛን አማን የብስክሌት ውድድር አለ። ያዘጋጀው ቀበሌ አይደለም፣ እሱ ነው። ሽልማትም የለውም። ሴትም ወንድም መግባት ይችላል፤ እኔ በተካልኝ ብስክሌት እገባለሁ፣ አሁን ኮርቻው ላይ እደርሳለሁ። ብስክሌት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ በመንገዱ ዳር ቁሙልን። ነስሩ መድረሻው ላይ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቀናል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በመንገዱ ላይ «መኪና!» ብሎ የሚጮህ ሰው ከሰማችሁ ቁሙ። ስቃችሁ አትለፉት። ዋሽቶ ከሆነ የሚቀርባችሁ አንደኛ መውጣት ብቻ ነው።